ስሙ ያልተጠራ ወራሽ

ስለ ወራሽነትና ስለ ሞግዚትነት ማስረጃ ለቆቦና ለአካባቢው ሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



በእኛ አገር ሰው ሲሞት አልቃሽም ቀባሪም አይጠፋም። መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ እንግዳ የሚያስተናግደው የመረዳጃ ማኅበራችን ቅሬው ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት ሐዘን ላይ አብሮ ይቀመጣል። ከአርባው ወይም ከሰደቃው በኋላ ግን ቅሬው ብቻውን የማይጨርሰው ሥራ ይመጣል። ሟች ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ፣ ከተማ የሠራው ቤት፣ ገጠር ያለው ማሳ፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ይኖራል። ባንኩ ሚስትየዋን «የወራሾችን ማስረጃ ከፍርድ ቤት አምጪ» ይላታል። ልጁን የምታሳድገው አያት «ሞግዚት ለመሆንዎ ማስረጃ አለዎት?» ትባላለች። ያን ጊዜ ቤተሰቡ የወረዳውን ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ደጅ ይረግጣል።

ዛሬ ስለዚህ ደጅ ልናገር ነው የመጣሁት። ብዙ ነገር እነግራችኋለሁ፤ ሁሉም ግን ወደ አንድ ነገር ይመለሳል። ማመልከቻው ላይ የሚጻፈው የወራሾች ስም ዝርዝር ሙሉ መሆን አለበት። አንድም ሰው አይቅር። ሌላው ጉድለት ሁሉ በኋላ ይታረማል። ስሙ ሳይጠራ የቀረ ልጅ ግን መብቱን ለማስመለስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ቤተሰቡም በዚያው ይፈርሳል።

ዳኛው የማያየው ሰው

የወራሽነት ማስረጃ ጥያቄ እንደ ሌላው ክስ አይደለም። በሌላው ክስ ከሳሽና ተከሳሽ አሉ፤ አንዱ ሲያጋንን ሌላው ያርመዋል። እዚህ ግን ብዙውን ጊዜ ተከሳሽ የለም። አመልካቹ «ሟች አባቴ ናቸው፤ ወራሾቻቸው እኛ ነን» ብሎ በቃለ መሐላ አስደግፎ ያቀርባል፤ ምስክሮች ይቆጠራሉ፤ ዳኛው የቀረበለትን ማስረጃ መርምሮ ይወስናል። በሪያድ የሚሠራውን ወንድም፣ ዞብል የተዳረችውን እኅት፣ ከሌላ ሴት የተወለደውን ልጅ ዳኛው በየት ያውቃቸዋል? የሚያውቃቸው አመልካቹና ምስክሮቹ ናቸው። የዚህ መዝገብ እውነት የተጣለው በእኛ በጎረቤቶች ትከሻ ላይ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ሥራ ለተለያየ ሰው ሰጥተውታል። በፈረንሳይ የሟችን ወራሾች የሚያረጋግጠው ኖታሪ ነው። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ሕጉ ግን ወራሽ ማስረጃውን ከፍርድ ቤት እንዲጠይቅ አደረገ። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ በአንቀጽ 996 ወራሽ የሆነ ሰው ወራሽነቱንና ድርሻውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ፍርድ ቤትን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ወረቀቱን የያዘ ሰው ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ወራሽ ይቆጠራል። እንግዲህ አንድ ስም መጉደሉ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ ተረዱ፦ ወረቀቱ የያዘውን ሰው ያስከብራል፤ ያልያዘውን ደግሞ ማስረዳት የአንተ ፈንታ ነው ይለዋል።

ማን ይጠራ?

ሟች ኑዛዜ ካልተወ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። በእድሜ ታላቅና ታናሽ፣ በጾታ ወንድና ሴት አይባልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንደሆኑ፣ በአንቀጽ 36 ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። «እሷ ጥሎሽዋን ይዛ ሄዳለች»፣ «እሱ የውጭ ልጅ ነው» የሚለው አነጋገር በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ፣ የእሱ ልጆች በአባታቸው ቦታ ገብተው የአባታቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ማኅፀን ውስጥ ያለው ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ እንደ ተወለደ ይቆጠራል፤ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል መሆኑ ብቻ ነው የሚፈለገው፤ 48 ሰዓት ከኖረ ደግሞ ይህ ተሟላ ማለት ነው። ሟች ልጅ ከሌለው ተራው ለእናትና ለአባቱ ነው።

ሚስትስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ ከሌለ ባል ወይም ሚስት የሟች ወራሽ አይደሉም። ይህ ግን ባዶ እጇን ትሄዳለች ማለት አይደለም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራው የጋራ ንብረት ከውርሱ በፊት ይከፈላል፤ ግማሹ የራሷ ነው። ውርስ የሚባለው የሟች ድርሻ የሆነው ቀሪው ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሏ የሞተባት እናት ማመልከቻው ላይ «የጋራ ንብረት ድርሻዬ ተከብሮ» የሚለውን አትርሳ። ልጆቹም ቢሆኑ እናታቸውን እንደ ተቀናቃኝ አይዩአት።

የገጠር መሬት የራሱ መንገድ አለው። ማሳ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የሚወረሰው የመጠቀምና የይዞታ መብቱ ነው። ይህም የሚመራው በክልላችን የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ነው፤ አሁን የሚሠራበት በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 252 ነው። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ አብሮ የተለጠፈበት የይዞታ ደብተር ያላት እናት ደብተሯን አጥብቃ ትያዝ። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ቢወጣም ስሙ የሚዛወረው በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ጉዳዩ እዚያ ሳይደርስ አያልቅም።

ጡረታም እንዲሁ ለብቻው ነው። ለሟች ባለቤትና ልጆች የሚከፈለው የጡረታ አበል የሟች ውርስ አይደለም፤ በጡረታ ሕጉ ለእነሱ የተሰጠ ነው። በውርስ ክርክር ምክንያት ጡረታውን ሳያስፈጽሙ መቆየት አያስፈልግም።

የመዝገብ ቤቱ መንገድ

ማመልከቻው የሚቀርበው ሟች ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። የቆቦ ነዋሪ ደሴ ሆስፒታል ቢያርፍ ውርሱ የሚከፈተው ቆቦ ነው እንጂ ደሴ አይደለም።

ይዛችሁ የምትሄዱትን ልዘርዝር። የሞት የምስክር ወረቀት፤ ካለ የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀቶች፤ የአመልካቾች መታወቂያ፤ ቤተሰቡን በቅርብ የሚያውቁ ምስክሮች ስምና አድራሻ። ማመልከቻው ላይ የሟች ሙሉ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ የኖረበት ቀበሌ፣ ከዚያም የወራሾቹ ሁሉ ስም ከነዝምድናቸው ይጻፋል። ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ጸሐፊው ግን የሚጽፈው የነገራችሁትን ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ። ማንበብ የማይችል ሰው ልጁን ይዞ ይሂድ።

ስም ላይ በጣም ተጠንቀቁ። በአገራችን አንድ ሰው በቤት ስሙ ይጠራል፣ በክርስትና ስሙ ይቆርባል፣ በመታወቂያ ደግሞ ሌላ ስም ይይዛል። የባንክ ደብተሩ፣ የይዞታ ደብተሩና የሞት ወረቀቱ የተለያየ ስም ከያዙ፣ ከውሳኔው በኋላ «ይህ ያ ሰው አይደለም» የሚል ጣጣ ይመጣል። ልዩነት ካለ በማመልከቻው ላይ ሁለቱንም ስሞች ጠቅሳችሁ አንድ ሰው መሆኑን በምስክር አስረዱ።

ሬጅስትራሩ ማመልከቻውን ተቀብሎ የዳኝነት ክፍያ ካስከፈለ በኋላ የመዝገብ ቁጥር ይሰጣል። ይህን ቁጥር እንደ ገንዘብ ያዙት። ክፍያው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሰው ድህነቱን አስረድቶ ያለ ክፍያ እንዲታይለት የሚጠይቅበት መንገድ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ተደንግጓል። ድሀ ነኝ ብላችሁ ከደጁ አትመለሱ። ቀጠሮ ሲሰጥ ምስክሮቹን ይዛችሁ ቅረቡ፤ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ጠይቃችሁ ውሰዱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ወረቀት ወራሹ ማን እንደሆነና ድርሻውን ይናገራል እንጂ ንብረቱን አያካፍልም። ቤቱ ለማን እንደሚደርስ፣ ዕዳው እንዴት እንደሚከፈል የሚታየው ውርሱ ሲጣራ ነው። ሕጉ ዕዳን በተራ ያስቀምጠዋል፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣሪያው ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ። ለተዝካር የወጣው ግን ከቀብር ወጪ አይቆጠርም። ይህን የምናገረው ተዝካርን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሙት ልጆች ድርሻ በድግስ ተበልቶ በኋላ «ከውርሱ ይቀነስ» እንዳይባል ነው።

«አፉ ሳይያዝ እንዲህ ብሎ ነበር»

በለቅሶ ቤት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ይህ ነው። ሕጉ የቃል ኑዛዜን ያውቃል፤ ወሰኑ ግን ጠባብ ነው። ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው በ2 ምስክሮች ፊት ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ስለ ልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት መናገር ይችላል፤ ለአንድ ሰው ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታም ሊተው ይችላል። ሰውየው ድኖ ከተነሣ ቃሉ ከተነገረ ከ3 ወር በኋላ ይሽራል። 500 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ቤት ቀርቶ በግ አይገዛም። እንግዲህ አባት በመጨረሻ ሰዓቱ «ልጆቼን እናቴ ታሳድግልኝ» ካለ ቃሉ ይከበራል፤ «ቤቱን ለታላቁ ልጄ ሰጥቻለሁ» ያለው ግን በቃል ብቻ አይጸናም።

ስለዚህ ኑዛዜ ማድረግ የሚፈልግ ሰው በጤናው ይጻፈው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በ4 ምስክሮችና በተናዛዡ ፊት ተነብቦ ወዲያው ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃሉ። በራሱ እጅ የሚጽፍ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሱ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ቀን አድርጎ ይፈርማል፤ በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጠው ግን ይፈርሳል። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በግልጽና በምክንያት ብቻ ነው። ስሙን ዝም ብሎ መተው መንቀል አይደለም።

ልጁና ሞግዚቱ

አሁን ወደ ልጆቹ እንምጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79፣ አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅ ሁለት ኃላፊነት ያቆማል። አሳዳሪው ልጁን ራሱን፣ ጤናውንና ትምህርቱን ይጠብቃል። ሞግዚቱ ገንዘቡንና ንብረቱን ያስተዳድራል። ሁለቱን አንድ ሰው ሊይዛቸው ይችላል። አባትና እናት በሕይወት እያሉ ሁለቱም በጋራ ይይዛሉ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን ይቀጥላል። እናት ልጆቿን ለማሳደግ የማንንም ፈቃድ አትሻም። ወረቀቱን ከፍርድ ቤት የምታወጣው ባንኩና ጽሕፈት ቤቱ ስለሚጠይቋት ነው።

ሁለቱም ካልኖሩ አያቶች፣ አካለ መጠን ያደረሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ አጎቶችና አክስቶች ይታሰባሉ። እዚህ ላይ የዘመድ ማዕረግ ብቻ አይበቃም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠውን ውሳኔ ልንገራችሁ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። የሥር ፍርድ ቤቶች ሕጉ አባትን ያስቀድማል ብለው ለአባትየው ወሰኑ። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረው፤ መለኪያው የልጁ ደህንነትና ጥቅም ነው አለ። የሰበር ትርጓሜ በአገሪቱ ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ የሚያስገድድ ስለሆነ ይህ ውሳኔ የቆቦንም ልጅ ይጠብቀዋል። ለማን ይሰጥ ብለን ስንሸማገል «የማን ደም ይቀርባል?» ከማለታችን በፊት «ልጁ ማን ጋ ደህና ያድጋል? ራሱስ ምን ይላል?» እንበል።

ሞግዚት የልጁ ንብረት ባለቤት አይደለም። የልጁን ቤት ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሞግዚትነቱ ሲያበቃም ሒሳብ ያቀርባል። የሞግዚቱና የልጁ ጥቅም ከተጋጨ፣ ለዚያ ጉዳይ ብቻ ሌላ ሞግዚት እንዲሾም መጠየቅ ይቻላል። የሙት ልጅ አጎቶች ይህን አውቃችሁ ግቡበት፤ ጎረቤቶችም ይህን አውቃችሁ ጠብቁት።

ጦርነቱ የተወልን መዝገብ

ይህ ሁሉ በየትም ወረዳ የሚባል ነው። እኛ ዘንድ ግን የተለየ ሸክም አለ። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የሆነውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በዚያ ቀን በትግራይ ኃይሎች የተገደሉ 23 ሰዎችን ከምስክሮች ቃል መዝግቧል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ሲከፈት ብዙዎቻችሁ ዳግመኛ ተሰደዳችሁ። በፍጥነት የተቀበረ፣ የሞት ወረቀት ያልወጣለት፣ መታወቂያውና ደብተሩ ከቤቱ ጋር የጠፋበት ወገን አለን።

ወረቀት ጠፋ ማለት መብት ጠፋ ማለት አይደለም። የቀበሌ፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የቅሬ ደብዳቤዎችን አሰባስቡ፤ የቀበሩትንና ያዩትን ምስክር አድርጋችሁ አቅርቡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ሞት በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ጊዜው አልፏል ብላችሁ ግን አትቅሩ፤ የዘገየ ምዝገባም ምዝገባ ነው። ደብዛው ጠፍቶ 2 ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው ካለ ደግሞ፣ ጥቅም ያለው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ተስፋ የማትቆርጥ እናት ይህን ለማድረግ ልቧ እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ ጊዜው የእሷ ነው፤ ማንም አያጣድፋት።

በጅቡቲና በየመን አቋርጠው ሳዑዲ የገቡ ልጆቻችንም ወራሾች ናቸው። መምጣት ካልቻሉ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ይላኩ። ውክልና ባይልኩ እንኳ ስማቸው ዝርዝሩ ላይ ይጻፍ።

ሽምግልናና ፍርድ ቤት

አገራችን ራያ ዘወልድን የመሰለ የእርቅ ሥርዓት ያለው ነው፤ ደም ያደረቀ ሽማግሌ ውርስ ማስታረቅ አያቅተውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል፤ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም የሚዳኘው በዚሁ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ስል ግን የሁሉም ፈቃድ ነው፤ እኅት ዝም ስላለች ፈቅዳለች አይባልም። ሽማግሌዎች የድርሻ አከፋፈሉን አስማሙ፤ የወራሾችን ቁጥር ግን አትቀንሱ። የልጅ ድርሻ ያለበትን ስምምነት ወደ ፍርድ ቤት አምጥታችሁ አስጸድቁ።

ስሙ የተዘለለ ሰው እዚህ ካለ ደግሞ አይዘግይ። የተሰጠው ማስረጃ እንዲሰረዝ መጠየቅ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 358 መሠረት ውሳኔውን መቃወም፣ ንብረቱን በያዘው ላይም ክስ ማቅረብ ይችላል። የወራሽነት ክስ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ማፈርና ይሉኝታ 3 ዓመት በቀላሉ ይበላሉ። ምስክር ሆናችሁ የምትቀርቡም፣ እያወቃችሁ አንድ ልጅ ብትዘልሉ በሐሰት መመስከር መሆኑንና በወንጀል ሕግ እንደሚያስጠይቅ አስቡ።

በመጨረሻ ለቅሬ ዳኞች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሟች በተቀበረ በሳምንቱ፣ ሐዘኑ ሁሉንም አንድ አድርጎ ባለበት ጊዜ፣ ማንም ስለ ቤትና ስለ ማሳ ሳያስብ፣ የቅሬው ጸሐፊ የሟችን ልጆች ስም በመዝገብ ይጻፍ። እዚህ ያሉትን፣ የተዳሩትን፣ ባሕር ማዶ ያሉትን፣ ከሌላ እናት የተወለዱትን፣ ቀድመው የሞቱትንና የልጆቻቸውን ስም ሁሉ ይጻፍ። ሚስትም፣ እናትም፣ የሟች ወንድምም ባሉበት ይነበብ፤ 3 ሰው ይፈርምበት። ይህ ወረቀት የፍርድ ቤት ውሳኔን አይተካም። ነገር ግን ከወራት በኋላ ማመልከቻ ሲጻፍ፣ ምስክር ሲቆጠርና ዳኛው «ሌላ ልጅ የለም?» ብሎ ሲጠይቅ እውነተኛውን መልስ ያስታውሰናል። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። የየቅሬዎቻችሁ ስብሰባ ሲደርስ ይህን አጀንዳ አድርጋችሁ ወስኑበት።